አባባ ግዕዙ ከጠፋቸው በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለንጋት ወልደ ሩፋኤል፤ ሐዋሳ።

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ሲነሣ የሚያጣጥፍሽ የሆድ ቁርጠት ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለሳል? ሥራው ቆሞ መዋል ነው ስትይኝ ነበርና እግርሽ አያብጥም? አዳርሽ ውሎሽ፣ የሠፈርሽ ሰው፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ሁሉም ሰላም ናቸው ወይ? እኛ ናፍቆትሽ አንጀታችንን ከመብላቱ በቀር ቸሩ አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ በደንብ ገብቷል። በኩልመስክ በኩል በረዶ መታቸው ሲባል ሰማን፤ ወደ እኛ ግን ዝናቡ ብቻ ነው የደረሰ። ላሚቱም ወልዳ እናታችን ወተት አላጣችም።

ስልኩን እንደምታውቂው ነው። አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲሠራም «ሃሎ ሃሎ» ስንባባል ያልቅብናል። አሁን የባለቤቴ የደሳለ የአክስት ልጅ አዝመራው መንገዱ ሲከፈት ለሥራ ወደ እናንተ አገር ሊሄድ ተነሥቷልና በእጁ ላክሁልሽ። ስልኩ ቢሠራም ኖሮ ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር፤ ቁጭ ብለሽ፣ ደግመሽ የምታነቢው ነገር ነው።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የደወልሽልኝን ታስታውሻለሽ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ «አንቺ ጌታን በግልሽ ታውቂዋለሽ?» ብላ ጠይቃሽ መልስ እንዳጣሽ ነገርሽኝ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ጾም አልገድፍም፣ ማተቤን አልበጠስሁም፣ ግን የጠየቀችኝን ነገር አላውቀውም ብለሽ አለቀስሽ። ቀጥለሽም «አንቺስ ባንቼ፣ ታውቂዋለሽ?» አልሽኝ። ልመልስልሽ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ። ባይቆረጥም ኖሮ የምልሽ አልነበረኝም። ጥያቄሽን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድሁበት፣ ውኃ ቀዳሁበት፣ ጾሙንም ፈታሁበት። አሁንም ቢሆን ዕውቀቱ ኖሮኝ አይደለም የምጽፍልሽ። በአባባ የሆነውን ስላየሁ ነው።

አባባን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። ግን ከቤት ከወጣሽ ወዲህ ጭምትነታቸው ብሶ ነበር። ከማሕሌት ረፋድ ላይ ይመለሳሉ፤ እህል ቀምሰው ተማሪ ዜማ በቃል ሲያስቀጽሉ ይውላሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ደብሩ ይወጣሉ። ለእኛ የሚተርፍ ቃል አልነበራቸውም። እናታችን «አባታችሁ ቃሉን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው ባዶ አፋቸውን ነው የሚመጡ» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ እግዚአብሔር አማርኛ የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ከአባባ ጋር በግዕዝ የሚነጋገር፣ እኛን ግን በእሳቸው በኩል ብቻ የሚያውቀን ትልቅ ጌታ ይመስለኝ ነበር። አድጌም፣ አግብቼም፣ ወልጄም ይህ ሐሳብ ከውስጤ አልወጣም፤ ለማንም አውጥቼው ስለማላውቅ አንቺም አልሰማሽውም።

የታመሙ ዕለት የሆነውን በስልክ ቆራርጬ ነግሬሻለሁ፤ አሁን ላስተካክልልሽ። በጽጌ ወር በአንዱ እሑድ ማለዳ ነው። ማሕሌቱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ እኔም ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበርሁ። አባባ አንድ ቃል አንሥተው መሐሉ ላይ ቀጥ አሉ። መዘምራኑ ሆን ብለው ያሳረፉት መስሏቸው ጠበቁ። ጸናጽሉም ዝም አለ። አባባ መሬት ላይ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያቸውን አዩ፣ እግራቸው ሥር አዩ፤ ከዚያ መቋሚያቸው ከእጃቸው አመለጠ፤ እሳቸውም በቀኝ ጎናቸው ተዘነበሉ። ጎረቤታችን ሸዕባን ባጃጁን እስከ ደጁ አምጥቶ ነው ወደ ሆስፒታል ያደረሰልን። ሐኪሙ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው፣ ቋንቋ ያለበትን ቦታ ነክቶታል አለን። አንቺ ልትመጪ ስትነሺ መንገዱ ተዘግቶ ከደሴ መመለስሽንም እናታችን እያነሣች ስታለቅስ ከርማለች።

እግራቸው ቶሎ ዳነላቸው። ቀኝ እጃቸው ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ንግግራቸው እስከ ገና ድረስ ጨርሶ አልነበረም፤ ከዚያ እንደ ሕፃን «ውኃ»፣ «በቃኝ»፣ «በረደኝ» እያሉ ጀመሩ። አማርኛው እየተንጠባጠበ ሲመለስ ደስ አለን፤ ግዕዙም ይከተላል ብለን ተስፋ አደረግን። ግዕዙ ግን አልመጣም። ተማሪዎቻቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው ቀስ እያሉ አዜሙላቸው። አባባ ዝናብ እንደሚያዳምጥ ሰው አዳመጡ፤ ዜማው ግን የእሳቸው እንደነበር አላወቁም። መጽሐፉን ብንዘረጋላቸው ፊደሉን ትክ ብለው አይተው «ጉንዳን» አሉን። የሰው ስምም ከአፋቸው ጠፋ። እኔን «አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ እናታችንን «የቤቴ ሰው»።

ለጥምቀት ነጭ አልብሰን፣ ደግፈን ልናወጣቸው አሰብን። እንቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ ደብሩን በዐይናቸው ማየት ተዉ። ደወሉ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የንስሐ አባታችን ቄስ ታፈረ፣ እንደምታውቂው የአባባ የአብነት ትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፤ ሲጨንቃቸው አንድ ቀን መጥተው ለምን ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ ብለው ጠየቋቸው። አባባ ቃል ለመሰብሰብ ብዙ ደከሙ። እናታችን «አታስጨንቋቸው» ልትል ስትል አንድ በአንድ እያወጡ ተናገሩ።

«እኔን የሚያውቀኝ በድምፄ ነበር። አሁን በምን ያውቀኛል?»

ቄስ ታፈረ ከመጽሐፍ እየጠቀሱ ሊያጽናኑ ሞከሩ፤ ግን የሚጠቅሱት ሁሉ ለአባባ እንግዳ ቋንቋ ሆነ። ኋላ የአባባን የተንጠለጠለ እጅ ይዘው ተቀመጡ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወጡ። አንቺ የደወልሽልኝ በዚያው ሳምንት ነው። አንቺ እንዴት አውቀዋለሁ ትያለሽ፤ አባባ በምን ያውቀኛል ይላሉ። እኔ በሁለታችሁ መካከል ቆምሁ።

ፋሲካም እንዲሁ አለፈ። ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ እናታችን ከጓሮ ስትመለስ አባባ ከመደባቸው የሉም፤ ምርኩዛቸውም የለም። ደሳለ ወደ ገበያው በኩል ሮጠ። እኔ ግን ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ በአሸተን ማርያም መንገድ ሲወጡ አየሁ አለችኝና ወደ ላይ ወጣሁ። እንዴት እንደወጡት እግዚአብሔር ይወቅ፤ ጤነኛውን ሰው እንኳ የሚያስለከልከው ዳገት ነው። ከመጀመሪያው ጥምዝ በላይ፣ ከወይራዎቹ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከጀርባቸው አየኋቸው። «አባባ!» ልል ስል ሰው የሚያነጋግሩ መሰለኝና አፌን ያዝሁ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ለጎረቤት እንደሚነግሩት ዓይነት ነው የሚናገሩት፤ ቀስ ብለው፣ በዚያ በሚንጠባጠበው አማርኛቸው።

«ይኸው መጣሁ። አፌ ባዶ ነው። ያ የሰጠኸኝ ሁሉ ጠፋኝ። አልጣልሁትም። ጠፋኝ እንጂ።»

ከዚያ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ወደ ላይ ያዙት። እህቴ፣ ልጅ የቆሰለ ጣቱን ለአባቱ እንዴት እንደሚያሳይ አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው ያሳዩት። «እጄም ይኸው» አሉ። እኔ ከወይራው ሥር ቆምሁ። ከገደሉ በላይ ጭልፊት ይዞራል፤ ከታች ከከተማው የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አንድ ነገር እንደሚነገረው ሰው፣ ሳይነቃነቁ ቆዩ። ቆዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እሺ» አሉ።

እሺ ብቻ። የተሸነፈ ሰው እሺ አይደለም። የሚወደው ሰው «በል ና፣ ግባ» ሲለው የሚመልሰው እሺ ነው። አልዋሽሽም፣ ሰማይ አልተከፈተም፣ ብርሃንም አልወረደም፣ እኔ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ግን አባባ ሲመልሱ ሰማሁ። መልስ ካለ የተናገረ አለ። ያን ስገነዘብ የቆምሁበት መሬት እሳት የሆነብኝ መሰለኝና ጫማዬን አወለቅሁ፤ ለምን እንዳወለቅሁም ኋላ ነው ያሰብሁት።

ሲነሡ አዩኝ፤ አልደነገጡም። ትከሻዬን ተደግፈው መውረድ ስንጀምር «አንቺ ልጅ፣ ያውቀኛል» አሉኝ። ትንሽ ወርደንም «ከድምፄ በፊት ነው የሚያውቀኝ» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ልገልጽልሽ አልችልም። እኔ ልጃቸው ያን ፊት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ሌላ ሰው ናቸው። ጧት ፀሐይ ግድግዳውን ስትመታ ከደጁ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ያወራሉ። ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ሁሉንም ይነግሩታል። አንዳንዴ ይስቃሉ። አንዳንዴ ይቆጡታል፤ ኧረ እንዲያውም አንድ ቀን እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ውኃው ሲደፋባቸው «አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ታያለህ» ሲሉት ሰምቼ ክው ብያለሁ። እናታችን መጀመሪያ አፈረች። ጎረቤት አበዱ ይለናል ብላ ወደ ውስጥ ልታስገባቸው ትጎትት ነበር። የሸዕባን ሚስት ዙልፋ ናት «ተያቸው እንጂ፣ ከፈጣሪያቸው ጋር እየተጫወቱ አይደል?» ብላ ያረጋጋቻት።

አንድ ጧት ግን እናታችን ገብስ ልታሰጣ ወጥታ ከጀርባቸው ሳለች እንዲህ ሲሉ ሰማቻቸው፦ «የቤቴ ሰው ደክሟታል። ወገቧን ያማታል። ለእኔ አትነግረኝም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አንተ ጠይቃት።»

ሰፌዱን እንደያዘች ተመልሳ ገባች። ቁጭ አለች። ምን ሆንሽ ብላት፣ ወገቧን እንደሚያማት ለእኔም ለአንቺም ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ፣ አንቺን ከወለደች ጀምሮ እንደሚያማት ነገረችኝ። «በምን አወቁ?» አለችኝ። «ቀና ብለው አይተውኝ አያውቁም እል ነበር እኮ።» ይህን ለቄስ ታፈረ ባጫውታቸው እሳቸውም የሚያውቁትን ነገሩኝ። አባባ ጤነኛ ሳሉም ማሕሌት አልቆ ሰው ሲወጣ ከዓምዱ ኋላ ይቀሩ ነበር አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴም አማርኛ ይሰማል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት። ቄስ ታፈረ ጓደኛቸው የኑሮ ነገር ከብዷቸው ለብቻቸው የሚያጉረመርሙ ይመስላቸው ነበር። ለካ እናታችንንም እኛንም ሲያነሡን ኖረዋል። ያ የማውቀው ዝምተኛ አባቴ ከቤታችን በራፍ ጀምሮ እስከ ደብሩ ስለ እኛ ሲያወራ የኖረ ሰው ነበር። በሽታው አዲስ ነገር አላመጣም፤ የተከደነውን ነው የከፈተው።

ግንቦት ላይ አባባ መቁረብ እፈልጋለሁ አሉ። አባትና እናታችን የተጋቡት በሰማንያ እንጂ በቁርባን እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከቅዱሱ ሥጋና ደም ደጅ ቆመው ሲዘምሩ ኖሩ እንጂ አንድ ቀን ቀርበው አልተቀበሉም። ስንቱ ሰው እንደዚያው ነው፤ እንፈራዋለን። ከቆረቡ ደግሞ ሁለቱም አብረው ነው፤ እስከ ሞት የማይፈታ ነው። ለእናታችን ስንነግራት «ይህን ሁሉ ዘመን ኖረው ዛሬ ሊያገቡኝ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ አለቀሰች።

ነገሩ ግን ቀላል አልሆነም። አንዳንድ ካህናት ከበዳቸው። በክፋት አይደለም፤ እውነትም ነው የፈሩት። የሚቀበለው ሰው ምን እንደሚቀበል አውቆ፣ አምኖ መቅረብ አለበት፤ መሪጌታ ደግሞ የልጃቸውን ስም አያውቁም፤ ሳያውቁት ቢቀበሉ በእሳቸውም በእኛም ይፈረድብናል አሉ። በመጨረሻ ቄስ ታፈረና የደብሩ ሽማግሌ ካህናት ቤታችን መጥተው ይጠይቋቸው፣ ከመለሱ ይቁረቡ፣ ካልመለሱ ግን በጸሎት እየታሰቡ ይቆዩ ተባለ። እናታችን ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ከሥራ ባረፈች ቁጥር አጠገባቸው ተቀምጣ «ሥጋው ነው፣ ደሙ ነው» እያለች ታስጠናቸዋለች። እሳቸው ደግመው ይላሉ፤ ዞር ስትል ይጠፋቸዋል። ለተማሪ ሁሉ ሲያስቀጽሉ የኖሩት ሰው እንደዚያ ሲቀጸልላቸው ማየት አንጀት ይበላል። ባይመልሱስ? ከእንግዲህ ስንት ጊዜ አላቸው?

ካህናቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ አባባም ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እኔ ልጄን ማርያማዊትን ታቅፌ በሩ ሥር ነበርሁ። ትልቁ አባት፣ በጣም ያረጁት፣ በትሕትና ጠየቁ። «መሪጌታ፣ ይህ ልትቀበሉት የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እናታችን ከጓዳው መግቢያ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሉን በዐይኗ ልትሰጣቸው ትፈልጋለች። እሳቸው ግን አያዩዋትም። ደብሩ ውስጥ የወደቀባቸውን ቃል የፈለጉበት ያ ፊት መጣባቸው።

«ምን እንደሆነ ጠፋኝ» አሉ።

ካህናቱ መሬት መሬት አዩ። ቄስ ታፈረ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እናታችን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። አባባ ግን አልጨረሱም ነበር። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ያለ ምንም ድካም፣ ሳይንጠባጠብ እንዲህ አሉ፦

«ማን እንደሆነ ግን አልጠፋኝም።»

ንጋትዬ፣ ትልቁ አባት በዱላቸው ተደግፈው ከመደቡ ተነሡ። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። ኋላ ትልቁ አባት ወደ እናታችን ዞረው «ነጭ ልብስዎን ያሰናዱ» ብቻ አሏትና ወጡ።

ንስሐቸውን ቄስ ታፈረ ለብቻቸው ተቀበሉ፤ እሱን እኔም አላውቅም። የቆረቡት የጰራቅሊጦስ ዕለት ነው። አባባና እናታችን ነጭ በነጭ ሆነው፣ ሕፃናት ካቀፉ እናቶች ጋር ተሰልፈው ቆሙ። አባባ ሲመሯቸው የኖሩ መዘምራን ይዘምራሉ፤ እሳቸው ግን እንደማንኛውም ምእመን፣ ዜማውን ሳያውቁት፣ በደስታ ያዳምጣሉ። ተራቸው ደርሶ ሲቀርቡ እኔ ከሩቅ ነበርሁና የሆነውን ያጫወቱኝ ቄስ ታፈረ ናቸው። አባባ ቀና ብለው አይተው፣ ሲጠብቁት የቆዩት ሰው ከደጅ እንደገባ ያህል፣ በሹክሹክታ «መጣህ?» አሉ። ከዚያ ተቀበሉ፤ እናታችንም ከኋላቸው ተቀበለች።

ሲወጡ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከፊት ነው የሚሄዱ፤ እናታችን ከኋላ። ያን ዕለት በዐለቱ መካከል ያለው ጠባብ መንገድ ለሁለት አልበቃ ብሏቸው ጎናቸው እየታከከ እንኳ እጇን አለቀቁም። የአገር ሰው ሁሉ ቆሞ አየ፤ እልልታው ዘግይቶ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመልስሽ። «በግል» የሚለው ቃል ለእኔ አሁንም እንግዳ ነው። አባባ አንድም ቀን ለብቻቸው ሆነው አያውቁም፤ ያጠመቃቸው ሌላ፣ ያስተማራቸው ሌላ፣ አብሯቸው የዘመረ ሌላ፤ ሲቆርቡም ከእናታችን ጋር ነው። ነገር ግን በዚያ ዳገት ላይ ያሏትን «እሺ» ማናችንም ልንልላቸው አንችልም ነበር። ቄስ ታፈረም አይችሉም፣ እኔም አልችልም። ያቺ «እሺ» የእሳቸውና የጌታ ናት። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ ይህም ይበዛብኛል።

እኔም ሞክሬ ነበር፣ አትሳቂብኝ። ከወፍጮ ስመለስ መንገዱ ጭር ሲልልኝ «ጌታዬ፣ ባንችይርጋ ነኝ» አልሁ። ስሜን መናገሬ ራሱ አሳፈረኝ፤ የማያውቀኝ ይመስል። ሌላ የምለው ጠፋኝ። ዱቄቱን እንደተሸከምሁ ቆምሁ። ምንም አልሰማሁም። ግን ሰው ሲያየኝ እንደማደርገው ነጠላዬን አስተካከልሁ። የተመለከተኝ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እየፈራሁም ቢሆን እሞክራለሁ።

ጓደኛሽን በዚህ ነገር አትጣያት፤ ጥያቄዋ ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ ለእኔም ጠቅሞኛል። ማተብሽንም አትበጥሺ። መልሱን ከእሷም ከእኔም አትበደሪ። ክፍልሽ ውስጥ ይሁን፣ ሥራ ስትሄጂ፣ በምታውቂው አማርኛ ንገሪው። የቆሰለውን አሳዪው።

በይ እንግዲህ፣ ወረቀቱም ሊያልቅ ነው። እናታችን አፈሩን ስሜ፣ አየሩን ስሜ ልኬልሻለሁ በይልኝ ብላለች፤ ለወገቧም ጤና ጣቢያ ወስደናታል፣ ቅባትና ክኒን ሰጥተዋት ቀለል ብሏታል። ደሳለ ከእርሻው ስላልገባ ነው እንጂ እሱም ሁለት መስመር ሊጽፍልሽ ይፈልግ ነበር፤ እንደ ታላቅ ወንድም ጽኚ ይልሻል። ማርያማዊት ፊደል ለይታለች፤ ከታች ያለው የተንጋደደ «ን» የእሷ ነው፤ የስምሽን መጀመሪያ ነው የጻፈችልሽ። ዙልፋና ሸዕባን ሰላም ብለውሻል። ቄስ ታፈረ በመስቀላቸው ይባርኩሻል፤ በቅዳሴ ስምሽን ያነሣሉ።

አባባ ደክመዋል፤ አልደብቅሽም። ብዙውን ቀን ይተኛሉ፤ እህል አይገፋላቸውም። ጧት ጧት ግን ደግፈን ከደጁ እናወጣቸዋለን። ዛሬም ይህን እየጻፍሁ በመስኮቱ እሰማቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መጨረሻ ላይ ወደ አንቺ ደረሱ። «ደግሞ ያቺ ሩቅ ያለችው፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማው» ይላሉ። ስምሽን ሲፈልጉት፣ ሲፈልጉት ቆዩና ተዉት። «አንተ ታውቃታለህ» አሉት።

ታላቅ እህትሽ ባንችይርጋ ወልደ ሩፋኤል
ላሊበላ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.